ኤድዋርድ ፑላስኪ፤ አርባ ያህል ሰው ከእሳት ያወጣው የደን ጠባቂ

በገጠር እሳት ተነሣ ተብሎ ጡሩምባ ሲነፋ ጎረቤት ሁሉ እርጥብ ቅጠሉን፣ ዶማውንና መጥረቢያውን ይዞ ይወጣል። በዚያን ሰዓት ሰዉን አሰልፎ ወደ እሳቱ የሚመራው ሰው እሳቱን የማስቆም ብቻ ሳይሆን የወጣውን ሰው ቆጥሮ ወደ የቤቱ የመመለስ ግዴታም አለበት። ከመቶ ዓመት በፊት በሰሜን አሜሪካ ተራሮች ላይ እሳቱን ለማስቆም ፈጽሞ የማይቻልበት ቀን የደረሰበትና የቀረለት ሥራ ሰዎቹን በሕይወት መመለስ ብቻ የሆነ አንድ የደን ጠባቂ ነበር። ኤድዋርድ ፑላስኪ ይባላል። ስሙን ከሚጠሩት ሰዎች አብዛኞቹ ታሪኩን አያውቁም። ምክንያቱም ፑላስኪ የሚለው ቃል ዛሬ ከሰው ስምነቱ ይልቅ የደን እሳት ተከላካዮች በእጃቸው የሚይዙት የአንድ መሣሪያ ስም ሆኖ ነው የሚታወቀው።

ፑላስኪ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1866 በዩናይትድ ስቴትስ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት ግሪን ስፕሪንግስ በምትባል አነስተኛ ከተማ ተወለደ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ገና በጉርምስናው ትምህርቱን አቋርጦ እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ ወጣቶች ሥራ ፍለጋ ወደ ምዕራብ ተጓዘ። ከዚያም ሃያ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ በእጁ የማይሠራው ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። በተራራ ለተራራ እየዞረ ማዕድን ፈለገ፤ በማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ቆፈረ፤ ወናፍ እየነፋ ብረት ቀጠቀጠ፤ አናጢ ሆኖ ቤት ሠራ፤ በከብት እርባታም የሠራተኞች አለቃ ሆኖ አገለገለ። ይህ ሁሉ ዙረት በዚያን ጊዜ እንደ ቁም ነገር የሚቆጠር አይመስልም ነበር። ኋላ ግን በአንድ ሌሊት የማዕድን ቆፋሪነቱ፣ ከዚያም በቀሩት ዓመታት የብረት ቀጥቃጭነቱ ዋጋ እንዴት እንደታየ ከታሪኩ መረዳት ይቻላል።

የዩናይትድ ስቴትስ የደን አገልግሎት የተቋቋመው በ1905 ነው። ገና አምስት ዓመት ያልሞላው መሥሪያ ቤት በነበረበት ጊዜ በምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ብዙ ወዳጅ አልነበረውም። እንጨት ቆራጩ፣ ማዕድን አውጪውና አዲሱ ሠፋሪ ደኑን መንግሥት ከለለብን እያሉ ያማርሩ ነበር። ለጥበቃው ከተቀጠሩት ወጣቶች መካከል ከዩኒቨርሲቲ የወጡ፣ ስለ ዛፍ ብዙ የተማሩ ነገር ግን ተራራውን የማያውቁ ስለነበሩ የአገሩ ሰው ያፌዝባቸው ነበር። ፑላስኪ በ1908 ሲቀጠር ዕድሜው ከአርባ አልፏል። እንደነሱ የትምህርት ወረቀት አልነበረውም። በእሱ ላይ ግን የሚስቅ አልተገኘም። በአካባቢው የሚገኘውን ጅረት፣ ሸንተረርና የእግር መንገድ ሁሉ አንድ በአንድ ያውቅ ስለነበረ የተማሩት ወጣቶች እንኳ መንገድ ሲጠፋባቸው የሚጠይቁት እሱን ነበር።

የተመደበው በአይዳሆ ክፍለ ግዛት በኮርዳሌን ደን ውስጥ ሲሆን መቀመጫው ዋላስ በምትባለው ከተማ ነበር። ዋላስ ብርና እርሳስ ከሚወጣባቸው ተራሮች መካከል በጠባብ ሸለቆ ውስጥ የተሠራች የማዕድን ከተማ ናት። ዙሪያዋን ነጭ ጥድና ሌሎች ትላልቅ ዛፎች የሸፈኑት ገደላማ አገር ነው። የደን ጠባቂ ሥራ ደግሞ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ አልነበረም። ጠባቂው የራሱን ፈረስና ኮርቻ ይዞ ይቀርባል። በጫካው ውስጥ መንገድ ይጠርጋል፤ የሚቆረጠውን ዛፍ ምልክት ያደርጋል፤ የይዞታ ክርክር ይሰማል፤ በበጋ ወራትም ጢስ ይጠብቃል።

በ1910 ጢሱ የመጣው ከወትሮው ቀድሞ ነው። የክረምቱ በረዶ ቶሎ ቀለጠ፤ የጸደዩም ዝናብ ቀረ። በእኛ አገር ክረምቱ የሚያይልባቸው የሐምሌና የነሐሴ ወራት በዚያ አገር የበጋ ወራት ናቸው። በዚያ ዓመት ግን በጋው እንደ ልማዱ አልነበረም፤ ጅረቶች ደረቁ፣ በጫካው ወለል ላይ የተነጠፈው ቅጠልና ቅርንጫፍ እንደ ጭድ ሆነ። በተራሮቹ መካከል አዲስ በተዘረጋው የባቡር ሐዲድ ላይ የሚመላለሱት የእንፋሎት ባቡሮች በየመንገዱ ፍም ይረጫሉ። ሠፋሪዎች ማሳቸውን ለመመንጠር እሳት ይለኩሳሉ። በሐምሌም ወር መጨረሻ አካባቢ ዝናብ የሌለው ነጎድጓድ መጥቶ በአንድ ሌሊት መብረቁ ብዙ ቦታ እሳት ጫረ። ነሐሴ ሲገባ በአይዳሆና በሞንታና ተራሮች ላይ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ትናንሽና ትላልቅ እሳቶች ይነዱ ነበር።

እንዲህ ያለውን እሳት በውሃ ማጥፋት አይቻልም። ውሃው ሩቅ ነው፤ ተራራውም ማጓጓዣ አያስገባም። ተከላካዩ የሚያደርገው እሳቱ ከሚመጣበት ፊት ለፊት መስመር አውጥቶ የሚቃጠለውን ነገር ሁሉ ማንሣት ነው። ዛፉና ቁጥቋጦው በመጥረቢያ ይቆረጣል፤ ሣሩና ሥሩ በዶማ ይነቀላል፤ የበሰበሰው ቅጠል ተጠርጎ ንጹሕ አፈር እስኪታይ ድረስ ይቆፈራል። እሳቱ እዚያ ሲደርስ የሚበላው ያጣል። በጸጥታ ቀን አንድ ክንድ ስፋት ያለው መስመር ሊበቃ ይችላል። ነፋስ ሲነሣ ግን ፍሙ በሰማይ ስለሚሻገር አንድ መቶ ክንድም አይበቃም።

ለዚህ ሥራ ሺህ በሺህ ሰው ያስፈልግ ነበር። የደን አገልግሎቱ በሰዓት 25 ሳንቲም እየከፈለ ያገኘውን ሁሉ ቀጠረ። ሥራ የፈቱ የማዕድን ሠራተኞች፣ እንጨት ቆራጮች፣ ከአውሮፓ በቅርቡ የመጡና ቋንቋውን በቅጡ የማያውቁ ስደተኞች፣ ከመጠጥ ቤት የተለቀሙ መንገደኞች ሁሉ ነበሩባቸው። ብዙዎቹ ደን ውስጥ ገብተው የማያውቁ፣ የሚመራቸውንም ሰው ያን ቀን ያዩ ነበሩ። ያም አልበቃ ሲል ፕሬዚዳንት ታፍት ወታደሮች እንዲላኩ ፈቀዱ። ከተላኩትም መካከል የ25ኛው እግረኛ ሬጅመንት ጥቁር ወታደሮች ይገኙበታል። በዚያ አገር ጥቁር ሰው በንቀት በሚታይበት በዚያ ዘመን እነዚህ ወታደሮች በዋላስና በኤቨሪ ከተሞች ሥርዓት አስከብረው፣ ሴቶችንና ሕፃናትን በባቡር አሽሽተው፣ እሳቱንም ተከላክለው የአካባቢውን ሕዝብ ምስጋና አግኝተዋል።

በነሐሴ አጋማሽ አለቆቹ እሳቱን የተቆጣጠሩት መስሏቸው ነበር። ነገር ግን ነሐሴ 14 ቀን 1902 ዓ.ም.፣ ማለትም ኦገስት 20 ቀን 1910 ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ነፋስ ተነሣ። በየሸለቆው ተለያይተው ያንቀላፉ የነበሩት እሳቶች ተገናኝተው አንድ ሆኑ። ትላልቅ ዛፎች ከነሥራቸው ተነቀሉ። የሚነድ ቅርንጫፍ በሰማይ እየበረረ ከፊት ያለውን ተራራ ያቀጣጥል ጀመር። ቀኑ እንደ ሌሊት ጨለመ።

ፑላስኪ በዚያ ቀን ጠዋት በዋላስ ነበር። ወደ ከተማ የወረደው በተራራው ላይ ለሚሠሩት ሰዎች ስንቅና መሣሪያ ለመውሰድ ነው። ሲመለስ ሚስቱ ኤማና ልጃቸው ጋሪ እስከሚሄድበት መጨረሻ ድረስ ሸኙት። ከዚያም ከተማዋ ሳትቃጠል እንደማትቀር ነግሯቸው፣ ራሳቸውን እንዲያድኑ አስጠንቅቆ ተለያቸው። እሱ ወደ እሳቱ ወጣ፤ እነሱ ወደ ከተማ ወረዱ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ በዚያ ሰዓት ቤተሰቡን ይዞ ወደ ባቡር ጣቢያ ቢሮጥ የሚፈርድበት አልነበረም። ፑላስኪ ግን በተራራው ላይ የተዋቸው ሰዎች መውጫውን እንደማያውቁ ያውቅ ነበር።

ሰዎቹ በብዙ ቦታ ተበታትነው ይሠሩ ስለነበረ በየሸንተረሩ እየተጣራ ያገኛቸውን ሰበሰበ። አርባ አምስት ያህል ሆኑ። ሁለት ፈረሶችም ነበሩ። ቁርጥማት ይዞት በፍጥነት መራመድ ያልቻለ አንድ ሽማግሌ ስለነበረ ፑላስኪ ፈረሱን ለእሱ ለቀቀለት። ከዚያም ሁሉንም አሰልፎ በፕሌሰር ጅረት በኩል ወደ ዋላስ አመራ። ጢሱ እጅግ ከመወፈሩ የተነሣ ሰዎቹ ከፊታቸው ያለውን ጓደኛቸውን እየዳሰሱ ነበር የሚሄዱት። ጥቂት እንደተጓዙ ግን ወደ ከተማው የሚያወርደው መንገድ በእሳት ተዘግቶ አገኙት። ኋላቸውም ተዘግቷል።

ፑላስኪ በአካባቢው ሁለት አሮጌ የማዕድን ዋሻዎች መኖራቸውን ያውቅ ነበር። አንዱ ቅርብ ቢሆንም አጭር ስለነበረ ያን ያህል ሰው አያስጠልልም። ሌላው ወደ ታች ራቅ ብሎ የሚገኝ ሆኖ ወደ ውስጥ ጠለቅ ያለና ከወለሉ ውሃ የሚሰርግበት ነው። ይህን ሊያውቅ የቻለው በእነዚያ ተራሮች ውስጥ ማዕድን ሲፈልግ የኖረ ሰው በመሆኑ ነው። ሰዎቹን በአጭሩ ዋሻ ውስጥ አስቀምጦ እርጥብ ጆንያ ራሱ ላይ ደፍቶ ትልቁ ዋሻ ዘንድ መድረስ ይቻል እንደሆነ ለማየት ብቻውን ሮጠ። መንገዱ ለጥቂት ጊዜ ክፍት መሆኑን ሲያረጋግጥ ተመልሶ ሁሉንም አስነሣ። በሩጫው መካከል ወደ ኋላ የቀረ አንድ ሰው ተቃጥሎ ሞተ። ሌሎቹ ከነፈረሶቹ ዋሻው ውስጥ ሲገቡ እሳቱ ከኋላቸው ደረሰ።

በዋሻው ውስጥ የሆነው ነገር ከጦር ሜዳ ታሪክ የሚያንስ አይደለም። ሰዎቹ በጠባቡ ቦታ ተጨናንቀው፣ ጢሱ ትንፋሽ እያሳጣቸው፣ ከውጭ የሚመጣው ሙቀት ፊታቸውን እየለበለበው ተጯጯሁ። አንዳንዱ አለቀሰ፤ አንዳንዱ ጸለየ፤ በየቋንቋው የሚጣራም ነበር። ፑላስኪ ሁሉም ፊታቸውን ወደ መሬት አድርገው እንዲተኙ አዘዘ፤ የሚተነፈስ አየር የሚገኘው ከወለሉ አጠገብ ነበርና። እሱ ግን አልተኛም። የዋሻውን አፍ የደገፉት እንጨቶች መንደድ ስለጀመሩ ብርድ ልብስ በውሃ እየነከረ አፉ ላይ ሰቀለ። ከወለሉ የተጠራቀመውን ውሃ በባርኔጣው እየቀዳ በሚነዱት እንጨቶች ላይ ይረጭ ነበር። ብርድ ልብሱ ሲቃጠል በሌላ ይተካል።

በዚህ መካከል ጢሱን መቋቋም ያቃተው አንድ ሰው ወደ ውጭ ለመሮጥ ተነሣ። ፑላስኪ ሽጉጡን አውጥቶ በዋሻው አፍ ላይ ቆመና ለመውጣት የሚሞክረውን የመጀመሪያ ሰው እንደሚተኩስበት አስታወቀ። ማንም አልወጣም፤ እሱም አልተኮሰም። ይህ ነገር ከዚያ ወዲህ ሲነገርለት ኖሯል፤ አንዳንዶችም እንደ ጀብዱ ብቻ ያወሩታል። ነገር ግን ጉዳዩን ረጋ ብሎ ላሰበው ሰው ቀላል አይደለም። ጓደኛውን በመሣሪያ አስፈራርቶ ጢስ በሞላበት ጉድጓድ ውስጥ የሚያስቀምጥ አለቃ፣ የያዘው መንገድ ስሕተት ሆኖ ቢገኝ የሁሉም ገዳይ እሱ በሆነ ነበር። ያን ሌሊት ፑላስኪ ትክክል ለመሆኑ ምንም ማረጋገጫ አልነበረውም። የነበረው ስለ ዋሻው የሚያውቀው ነገር ብቻ ነበር።

ቀስ በቀስ ሁሉም ራሳቸውን ሳቱ። ፑላስኪም በመጨረሻ በዋሻው አፍ ላይ ወደቀ።

እሑድ ከማለዳው አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ቀዝቃዛ አየር ሲገባ መጀመሪያ የነቃው ሰው እየዳኸ ወደ አፉ ሲደርስ ፑላስኪን ተጋድሞ አገኘው። አለቃው መሞቱን ለሌሎቹ ሲናገር ፑላስኪ ከወደቀበት ሆኖ አለመሞቱን በቁጣ አስታወቀ። ሰዎቹ ሲቆጠሩ አምስቱ አልተነሡም። በጢሱ ታፍነው ወይም ራሳቸውን ስተው በወለሉ ውሃ ውስጥ ተደፍተው ሞተዋል። ሁለቱም ፈረሶች አልተረፉም። የተረፉት ሰዎች ወደ ጅረቱ ወርደው ለመጠጣት ቢሞክሩ ውሃው ሞቆና አመድ ሞልቶት አገኙት። ጫማቸው ተቃጥሎ፣ ልብሳቸው ተቦጫጭቆ፣ በሚጨስ ግንድ ላይ እየተንፏቀቁ ወደ ዋላስ ወረዱ። ፑላስኪ ዓይኑ ስለታወረ ሌሎች እየመሩት ነበር የሄደው።

ከዋላስ ከተማ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ተቃጥሎ ነበር። ኤማና ልጃቸው ግን ከማዕድን ማጠቢያ በሚወጣ የድንጋይ ዱቄት ክምር ላይ ሌሊቱን አሳልፈው ተርፈዋል። የሚነድ ነገር የሌለበትን ባዶ ቦታ መምረጣቸው ነበር ያዳናቸው።

በእነዚያ ሁለት ቀናት 3 ሚሊዮን ኤከር የሚሆን ደን ወደመ። ይህም 1 ነጥብ 2 ሚሊዮን ሄክታር ወይም 30,000 ጋሻ ያህል ማለት ነው። ቢያንስ 85 ሰዎች ሞቱ፤ ከነዚህም 78ቱ እሳት ተከላካዮች ነበሩ። ጢሱ አገሩን አቋርጦ እስከ ምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ተሻገረ። እሳቱንም በመጨረሻ ያበረደው የሰው ኃይል አልነበረም፤ በነሐሴ መጨረሻ የጣለው ዝናብና በረዶ ነው።

የፑላስኪ ሥራ ክብደት የሚታወቀው በዚያው ቀን በሌሎቹ ቡድኖች ላይ ከደረሰው ነገር ጋር ሲነጻጸር ነው። በሴትዘር ጅረት 28 ሰዎች በአንድነት አለቁ። በሌላ ቦታ አለቃቸውን ትተው በአንዲት ጎጆ ውስጥ የተሸሸጉ ሰዎች የሚነደው ጣሪያ ወድቆባቸው ሞቱ። ቡልየን በተባለው የማዕድን ዋሻ ውስጥ የገቡት ደግሞ አብዛኞቹ ሲተርፉ 8 ሰዎች ታፈኑ፤ ዋሻ ሁሉ አያድንም ማለት ነው። ጆ ሃልም የተባለው ወጣት የደን ጠባቂ ግን ሰዎቹን በጅረት መካከል ባለ ጠጠራማ ቦታ ላይ ሰብስቦ ማትረፍ ችሏል። የሞተውም የተረፈውም እሳቱ ከመምጣቱ በፊት መሸሻውን በሚያውቅ ወይም በማያውቅ ሰው ተመርቶ ነበር። በእርግጥ ዕድልም ነበረበት። አገሩን እያወቁ የሞቱም አሉ።

ፑላስኪ ሁለት ወር ያህል ሆስፒታል ተኛ። ሳንባው በጢስና በሙቀት ተጎድቶ፣ ዓይኑም ለጊዜው ታውሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ የዓይኑ ብርሃን እንደ ቀድሞው አልሆነለትም። በዚያ ዘመን በእሳት የተጎዳን የደን ሠራተኛ የሚያሳክም በቂ ሕግም ገንዘብም አልነበረም። የሥራ ባልደረቦቹ ከማይበቃ ደመወዛቸው አዋጥተው ለተጎዱት ሰዎች መታከሚያ ሰጡ። መሥሪያ ቤቱ በጀግንነቱ ሲኮራበት፣ ስለ ሕክምናው የሚወጣው ሂሳብ ግን በሰውየው ላይ ቀረ። አንባቢን የሚያስቆጨው ይህ ነው፤ ምክንያቱም እሳቱ የግሉ አልነበረም።

ጡረታ ውጣ ቢባል የሚገባው ሰው ነበር። ሆኖም ወደ ሥራው ተመለሰና ቀሪውን የአገልግሎት ዘመኑን በዚያው በዋላስ አሳለፈ። በእነዚህ ዓመታት ካደረጋቸው ነገሮች ብዙ ያልተወራለት የመቃብሮቹ ጉዳይ ነው። በእሳቱ ከሞቱት ሰዎች ብዙዎቹ ዘመድ የማይታወቅላቸው፣ አንዳንዶቹም ስማቸው እንኳ በትክክል ያልተጻፈ የቀን ሠራተኞች ነበሩ። በዋላስ አጠገብ በናይን ማይል መካነ መቃብር ተቀብረዋል። ፑላስኪ ሣሩን እያጨደ፣ አፈሩን እያስተካከለ መቃብራቸውን በራሱ እጅ ይንከባከብ ነበር። ለመታሰቢያ የሚሆን ድንጋይ እንዲቆምላቸውም አለቆቹን ሳይታክት ጠየቀ። መልሱ ለብዙ ጊዜ ገንዘብ የለም የሚል ነበር። የመታሰቢያው ድንጋይ የቆመው በ1921 ነው፤ ከእሳቱ አሥራ አንድ ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ስሙን በዓለም ያስጠራው መሣሪያ የተሠራውም በዚሁ ጊዜ ነው። በ1910 ተከላካዮቹ መጥረቢያም፣ ዶማም፣ አካፋም ተሸክመው አቀበት መውጣት ነበረባቸው። መጥረቢያ የያዘው ሰው ሥር ላይ ሲደርስ ዶማ ይጠብቃል፤ ዶማ የያዘው ግንድ ሲያጋጥመው መጥረቢያ ይጠራል። እሳት ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ፑላስኪ ከእሳቱ ማግሥት ጀምሮ በብረት መቀጥቀጫው ቤት ይህን ነገር ይሞክር ጀመር። በ1911 በአንድ እጀታ ላይ በአንድ ወገን መጥረቢያ፣ በሌላው ወገን ዶማ ያለበት ብረት ሠራ። መጀመሪያ ላይ አካፋም ጨምሮበት እንደነበረ ይነገራል፤ ሆኖም የማይመች ስለሆነ ተተወ። ከዚያም የብረቱን ክብደትና የእጀታውን ርዝመት እያሻሻለ በ1913 ገደማ አሁን የሚታወቀውን ቅርጽ ያዘ።

እውነቱን ለመናገር እንዲህ ያለ መሣሪያ ያሰበ የመጀመሪያው ሰው እሱ አልነበረም። ኮሊንስ የተባለው የመሣሪያ ፋብሪካ በ1876 ለመሬት መመንጠሪያ የሚሆን ተመሳሳይ ነገር አቅርቦ ነበር። ይሁን እንጂ መሣሪያውን ለእሳት መከላከያ አስተካክሎ፣ በሥራ ላይ ፈትኖ ለባልደረቦቹ ያስረከበው ፑላስኪ ነው። ጎረቤት ያሉ የደን ጠባቂዎች አይተው ወደዱት፤ እነሱም በየአካባቢያቸው ማሠራት ጀመሩ። በ1920ዎቹ ዓመታት በፋብሪካ እየተመረተ በመላው ምዕራብ ተሠራጨ። አንድ ሰው በአንድ እጀታ ቆርጦም ቆፍሮም መስመር ማውጣት ስለሚችል ከመቶ ዓመት በኋላም አውሮፕላንና ሞተር መጋዝ እያለ ከእሳት ተከላካዮች እጅ አልወጣም።

የ1910ሩ እሳት በመንግሥቱም አሠራር ላይ ብዙ ነገር ለውጧል። በ1911 የወጣው የዊክስ ሕግ ማዕከላዊው መንግሥት ከየክፍለ ግዛቱ ጋር ተባብሮ እሳት እንዲከላከል ገንዘብ ፈቀደ። የእሳት መመልከቻ ማማዎች ተሠሩ፣ የስልክ መስመር በጫካው ውስጥ ተዘረጋ፣ መንገድ ተጠረገ። በሌላ በኩል ያን ቀን ያዩት አለቆች እሳት የሚባል ነገር ሁሉ ወዲያው መጥፋት አለበት የሚል እምነት አደረባቸው። በ1935 የወጣው መመሪያ ማናቸውም እሳት በታየ ማግሥት ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት እንዲጠፋ ያዝዝ ነበር። ይህ አሠራር ለብዙ ዓመታት ቆይቶ በ1970ዎቹ ተተወ፤ ምክንያቱም ትናንሹ እሳት ሁሉ ሲጠፋ በጫካው ወለል ላይ ደረቅ እንጨትና ቅጠል እየተከማቸ ኋላ ለሚነሣው ትልቅ እሳት ማገዶ እንደሚሆን ታውቋል። ፑላስኪ ይህን ክርክር ለማየት አልደረሰም። ቢደርስ ኖሮ የሚለው ብዙ ነገር ሳይኖረው አይቀርም።

ስለ ራሱ መናገር የማይወድ ሰው እንደነበረ ይነገርለታል። ለብዙ ዓመታት ስለዚያ ሌሊት አልጻፈም። በ1923 ግን የአሜሪካ የደን መጽሔት የደን ጠባቂዎች ያጋጠማቸውን ታሪክ እንዲልኩ ባዘጋጀው ውድድር ላይ ተካፍሎ የዋሻውን ታሪክ ጻፈና 500 ዶላር ተሸለመ። የተጎዳ ዓይን ላለውና በደን ጠባቂ ደመወዝ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ጽሑፉም አጭርና ጌጥ የሌለው ነው። ስለ ሽጉጡ የሚናገረው ጥቂት ሲሆን ስለ ብርድ ልብሱና ስለ ውሃው የሚናገረው ይበልጣል።

ፑላስኪ ከሥራው ተሰናብቶ ብዙም ሳይቆይ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1931፣ ስድሳ አምስት ዓመት ሊሞላው ሰባት ቀን ሲቀረው በኮርዳሌን ከተማ ሞተ። በዚያችው ከተማ ተቀበረ። ዋሻው በ1984 በአገሪቱ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ ገባ። በጅረቱ ዳር ዳር የሚወጣ የእግር መንገድም ተሠርቶለት ከዋላስ ተነሥቶ በእግሩ መሄድ የሚችል ሰው እስከ አፉ ድረስ ሄዶ ሊያየው ይችላል። በናይን ማይል መካነ መቃብርም ፑላስኪ ይንከባከባቸው የነበሩት መቃብሮች ከነመታሰቢያቸው ይገኛሉ።